እስከ ሐሙስ ካልለቀቀው

በጥቅምት ማብቂያ ጅማ ውስጥ አፍንጫው ደረቅ የሆነ ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። ዝናቡ ልሂድ ልቆይ እያለ ሲያመነታ፣ ቀን ፀሐዩ ሲፋጅ ማታ ብርዱ ሲቆነጥጥ፣ የቡና ለቀማው ደግሞ ሰውን ከየአቅጣጫው ሰብስቦ አንድ ላይ ሲያሳስለው፣ ጉንፋን የዓመት ግብሩን ይሰበስባል። በዚህ ወር መርካቶ ዳር ካለች መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ የቆመ ሰው ሌላ ነገር አያይም። የታዘለ ልጅ፣ የቀላ ጉንጭ፣ «መርፌ የላችሁም እንዴ?» የምትል እናት፤ ቀጥሎ ሌላ የታዘለ ልጅ።

ከባንኮኒው ጀርባ የቆመችው ሩፈይዳ ናት። ፋርማሲ ተምራ እዚህ ቤት ከተቀጠረች ሰባት ዓመቷ ነው። በቀን አርባ ጊዜ አንድ ነገር ትናገራለች፤ አሁን አሁንማ አፏ ብቻውን ነው የሚናገረው። «ጉንፋን ነው፣ ቫይረስ ነው፤ አሞክሳሲሊን ምንም አያደርግለትም። ትኩሳቱ ሦስት አራት ቀን ይቆይና በራሱ ይለቀዋል። ወተትም ውሃም ቶሎ ቶሎ አጠጪው፣ ልብሱን አቅልይለት፣ ሲብስበት ይቺን ሽሮፕ በልኩ ስጪው። አተነፋፈሱ ከፈጠነ፣ አልጠጣም ካለ፣ ካንቀጠቀጠው ግን ጤና ጣቢያ ሩጪ።» እናቶቹ በአክብሮት ይሰማሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ያመሰግናሉ። ከዚያ መንገዱን ተሻግረው ማዶ ካለው መድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይገዛሉ። ሩፈይዳ በመስታወቱ በኩል ታያቸዋለች። ድሮ ትናደድ ነበር። አሁን ግን ለመናደድም ጉልበት የላትም።

የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት አቶ ለይኩን ደግ ሰው ናቸው። «አንቺ ልጅ፣ በዚህ አያያዝሽ ደንበኛዬን ሁሉ ለማዶው ሰው ልታስረክቢልኝ ነው» ይሏታል እየሳቁ። ይሳቁ እንጂ አንድም ቀን ሽጪ ብለዋት አያውቁም።

ሰኞ ዕለት ነገሩ የራሷ ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው ልጇ ሙርሺድ ጠዋት አነጠሰ፣ ቀትር ላይ ምሳውን ገፋ፣ አመሻሹ ላይ ግንባሩ እጅ አያስነካም ነበር። ባሏ ሱሌይማን የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በለቀማ ወቅት ቡና ወደ አዲስ አበባ ሲያመላልስ ቤቱን የሚያየው እንደ እንግዳ ነው። በስልክ «አይዞሽ፣ እናቴን ልኬልሻለሁ» አላት። ሩፈይዳ ሳታመሰግነው ዘጋችው። ትኩሳቱን ትችለዋለች፤ የፈራችው አማቷን ነው።

አማትየው አደ አይሻ የመጨረሻዋን ሚኒባስ ይዘው ከሰርቦ ማታውኑ ደረሱ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ እጀ ፈጣን ሴት ናቸው። በቾ ቦሬ ሰፈር ያለችውን የኪራይ ቤት እንደረገጡ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ መስኮቱን ዘጉ፣ ልጁን ከእናቱ ተቀበሉ፣ ይዘውት በመጡት ወፍራም ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ዓይኑ ብቻ ቀረ።

«እማዬ፣ ሙቀቱ እኮ መውጫ ይፈልጋል» አለች ሩፈይዳ።

«ብርድ ነው የገባበት፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። ብርድ የገባበት ልጅ ይሸፈናል እንጂ ይገለጣል?»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት እንዲህ አለፉ። ሩፈይዳ ትገልጣለች፣ አደ አይሻ ይሸፍናሉ። ሩፈይዳ መስኮቱን ትከፍታለች፣ አደ አይሻ «ነፋስ!» ብለው ይዘጋሉ። ልጁም አንዴ በዚያ አንዴ በዚህ ሲባል እሱ ራሱ የሚያለቅስበት ጊዜ አጣ። በዳማከሴው ብቻ አልተጣሉም። አደ አይሻ ቅጠሉን አሽተው አፍንጫው ሥር ሲይዙለት ሽታው ለሦስቱም ደስ ይላል፤ ለአፍታ ቤቱ ሰላም ይሆናል።

ማክሰኞ ሩፈይዳ ከሥራ ቀርታ ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ጅማ ነውና መጀመሪያ ወባ ይታያል፤ ጣቱ ተወጋ፣ ወባ የለበትም። ጤና መኮንኑ ደረቱን አዳመጠ፣ ጆሮውንና ጉሮሮውን አየ። «ጉንፋን ነው። አንቺ ራስሽ ታውቂዋለሽ» አላት። ታውቀዋለች። ሌላ ሰው ሲነግራት ግን ነገሩ ምን ያህል ባዶ እንደሆነ ያኔ ገባት። ለካ ያ ሁሉ እናት መንገድ የሚሻገረው አልሰማ ብሎ አይደለም፤ የታመመ ልጅ ይዞ ባዶ እጁን ቤት መግባት ከብዶት ነው።

«ደሙን ወስደው ምንም ሳይሰጡት ሰደዱት?» አሉ አደ አይሻ። ከዚያ ልጁን ወደ ብርሃን አዙረው፣ ሲያለቅስ አፉን አዩና አንገታቸውን ነቀነቁ። «ይኸው። እንጥሉ ወርዷል።»

እንጥል ጉሮሮ መግቢያ ላይ የምትንጠለጠለዋ ትንሽ ሥጋ ናት። ልጅ ጉንፋን ሲይዘው ትቀላለች፣ ታብጣለች፤ ጉንፋኑ ሲለቀው ትመለሳለች። የድሮ ሰው ግን ወርዳ ልጁን ልታንቀው ነው ብሎ ስለሚያምን ያስቆርጣታል። ከተከለከለ ቆይቷል፤ ቆራጩም በሩ ላይ ጽፎ አይሠራም። ሐሙስ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ መርካቶ ከእህል ተራው ጀርባ አንድ ግቢ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚፈልገው ሰው ያገኘዋል። ሩፈይዳ የተቆረጡ ልጆች አይታለች። አንዳንዱ ይድናል፤ ድሮውንም የሚድን ነበርና። አንዳንዱ ደሙ አልቆም ይላል።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሩፈይዳ ወገቧን ይዛ ከሥራ ገባች። ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ሙርሺድ አያቱ ጭን ላይ ሆኖ ያቃስታል። ሽሮፑን ሲወስድ ትኩሳቱ ይወርዳል፣ ልጁ ይስቃል፣ ኳሱን ይጠይቃል፤ ጥቂት ሰዓት ቆይቶ ደግሞ ይመለስበታል። እንደዚህ መሆኑ ምንም እንዳልሆነ ታውቃለች። ማወቅ ግን አያስተኛም።

«ነገ ሐሙስ ነው» አሉ አደ አይሻ።

«አውቃለሁ፣ እማዬ።»

«ካለፈን ሳምንት ነው። ይሄ ልጅ ሳምንት አይቆይም።»

«እማዬ፣ እባክዎ…»

«እኔ አንድ ቀብሬያለሁ።»

ከሱሌይማን በፊት ፋሂም የሚባል የበኩር ልጅ ነበራቸው፤ በሁለት ዓመቱ፣ እንዲሁ በለቀማ ወቅት፣ ትኩሳት ወሰደው። በቤተሰቡ ታሪኩ የሚነገረው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እንጥሉ ወርዶ ሳለ ሳያስቆርጡለት ዘገዩ። ከሱ በኋላ የተወለደው ሱሌይማን ግን ገና ማሳል ሲጀምር ተቆረጠለት፣ ይኸው መኪና ይነዳል። በአርባ እናት ፊት የማይደናቀፈው የሩፈይዳ ምላስ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ይታሰራል።

«የተማርሽ ነሽ፤ አልክድም» አሉ አደ አይሻ ቀስ ብለው። «እኔ ግን ቀብሬያለሁ። አንቺ እንድትቀብሪ አልፈልግም።»

ሩፈይዳ ደክሟታል። ይህን የምደጋግመው ሰው እንዲያዝንላት አይደለም፤ ቀጥሎ ያደረገችውን ሌላ ነገር ስለማያስረዳው ነው። በልቧ ቆጠረች። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ፤ ሦስት ቀን ሆነ፣ ነገ ጠዋት ይለቀዋል። ለሰው ሁሉ «ሦስት አራት ቀን» እያለች የምትናገር ሴት፣ ለራሷ ሲሆን አራቱን ትታ ሦስቱን ያዘች።

«እሺ» አለች። «ነገ ጠዋት ካልለቀቀው እንደ እርስዎ ይሁን። አሁን ብቻ ትንሽ ጋደም ልበል።»

«ወላሂ በይ።»

«ወላሂ።»

ከዚያ ሩፈይዳ መስኮቱን ስትከፍተው አደ አይሻ ተነስተው አልዘጉትም።

ሐሙስ ጠዋት ተርሞሜትሩ ሠላሳ ስምንት ከሰባት አለ። አራግፋ ደግማ ለካችው። ሠላሳ ስምንት ከሰባት። ደረቱን ገልጣ አተነፋፈሱን ቆጠረች፤ ደህና ነው። ውሃ ስትሰጠው ኩባያውን ነጥቆ ጠጣ። ልጁ አልባሰበትም፤ ያልተመቸው የእናቱ ቀጠሮ ብቻ ነው። አደ አይሻ መስገጃቸውን እያጠፉ ያዩዋታል።

መናገር የነበረባት አንድ ነገር ነበር። «መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ ማካካሻውን ሦስት ቀን እጾማለሁ፤ ልጄን ግን ማንም አይነካውም።» ይኸው ነው። አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አማትን በጠዋት ፊት ለፊት እምቢ ማለት፣ ያውም ወላሂ ተብሎ፣ ያውም ሱሌይማን በሌለበት፣ ጉልበት ይጠይቃል። ሰዓቱም ደርሷል፤ ሐሙስ መድኃኒት ቤቱ መቆሚያ የማይገኝበት ቀን ነው፤ ማክሰኞም ቀርታለች።

«ከሥራ ስመለስ እንነጋገራለን» አለች ጫማዋን እያሰረች። «ሽሮፑን ሰጥቼዋለሁ። ቀትር ላይ ብቅ እላለሁ።»

«እሺ» አሉ አደ አይሻ።

ሩፈይዳም ይህን «እሺ» በሚመቻት መንገድ ተርጉማ ወጣች።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። አከራይዋ ወይዘሮ ፋንቱ ናቸው።

«ሩፊ፣ አማትሽ ልጁን አዝለው ወጡ እኮ። ወዴት ነው ብላቸው ገበያ አሉኝ። ዝም ልል ነበር፣ ግን የታመመ ልጅ ይዞ ገበያ ምን ይሠራል ብዬ…»

ባንኮኒው ላይ አንዲት እናት እጇን ዘርግታ ሽሮፕ ትጠብቃለች። ሩፈይዳ ሽሮፑን አስጨበጠቻት፣ «ጋሼ ለይኩን፣ መጠኑን ይንገሩልኝ!» ብላ ጮኸች፣ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ወጣች። አማቷ ጋ ደወለች፤ ስልኩ ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

ሐሙስ መርካቶ ውስጥ መሮጥ የሚባል ነገር የለም። ጋሪው መንገዱን ይዞታል፣ ባጃጁ በጋሪው ላይ ይጮሃል፣ ጫት የተሸከመው በሁለቱ መሀል ይሾልካል። ሩፈይዳ በጨርቅ ተራ ገባች፣ ሰው ገፋች፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ በርበሬ ረገጠች። «ኧረ በርበሬዬን! ይቺ ዶክተር አብዳለች እንዴ?» አለች ባለበርበሬዋ። ሩፈይዳ ዞራም አላየች። እየሮጠች የምትሳደበው አማቷን አልነበረም። አማቷማ እንደ ቃላቸው ነው ያደረጉት። ወላሂ ያለችው እሷ፣ ጠዋት አፏን ዘግታ የወጣችው እሷ፣ የልጇን ጉሮሮ ለአንድ ሌሊት እንቅልፍ ያስያዘችው እሷ። ሰባት ዓመት የሰው ልጅ ስታድን ኖራ የራሷን ሰው እጅ ላይ ጥላ ወጣች።

ከእህል ተራው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ አለ። በሩን ገፍታ ገባች። ረጅም አግዳሚ ላይ አምስት ስድስት ሴቶች ልጅ ታቅፈው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው መጋረጃ የተጋረደበት በር አለ። ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ልጅ ጮኸ፣ ከዚያ ጩኸቱ ተቋረጠና መታፈን መሰለ።

አደ አይሻ አግዳሚው ጫፍ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሙርሺድ በዚያ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ደረታቸው ላይ ተኝቷል። ሩፈይዳ ልጁን ነጠቀቻቸው። ልጁ ተቀሰቀሰና ሲያለቅስ የስልኳን መብራት አብርታ አፉን አየች። እንጥሉ አለች። ቀልታ፣ አብጣ፣ እየተንቀጠቀጠች እዚያው ቦታዋ ላይ አለች። ሩፈይዳ ልጇን አንገቱ ሥር ገብታ ሳመችው፣ ላቡን ሳመችው፣ ንፍጡንም ሳመችው።

ልቡ ለተንጠለጠለ ሰው አሁኑኑ ልንገረው። የሙርሺድ ትኩሳት በማግስቱ ዓርብ ለቀቀው፣ በራሱ፣ እንደማንኛውም ጉንፋን። ሐሙስ ዕለት እዚያ ግቢ ውስጥ የነበረው ጉዳይ ግን በትኩሳት የሚያልቅ አልነበረም።

«ምን ሊያደርጉት ነበር?» አለች ሩፈይዳ። «እማዬ፣ ልጄን ምን ሊያደርጉት ነበር?»

የመለሰችው ከአደ አይሻ አጠገብ የተቀመጠችው ወጣት ናት፤ ዓመት የማይሞላው ሕፃን ታቅፋለች። «ኧረ አትቆጫቸው» አለች። «ሦስት ጊዜ ተጠሩ፣ ሦስት ጊዜ ሰው አሳለፉ። ግቢ እያሉኝ ነው እኔንም።»

ሩፈይዳ አማቷን አየቻቸው። እነዚያ ልጅ ለመጠቅለል የሚፈጥኑ እጆች ጭናቸው ላይ ወድቀዋል። አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ፋሂምን እዚህ ነው ያስቆረጥኩት» አሉ አደ አይሻ።

ሩፈይዳ የሰማችውን አላመነችም። «ፋሂም እኮ… ዘግይታችሁ ነው…»

«አልዘገየሁም። በሁለተኛው ቀን አመጣሁት። ያኔ ቆራጩ የዚህ ሰውዬ አባት ነበር፤ በሩ ግን ያው ነው።» ዓይናቸውን ከመጋረጃው ላይ አላነሱም። «ሐሙስ ተቆረጠ። ደሙን እየዋጠው ነበር ለካ፤ እኔ መዋጡን አላየሁ። ተኛልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ቀበርነው።»

«ሱሌይማን ያውቃል?»

«ማንም አያውቅም። አባቱ ቡና ለቀማ ላይ ነበር፤ ሲመጣ ትኩሳት ወሰደው አልኩት። ጎረቤት ዘግይታ ነው አለ፤ እኔም እሱን ያዝኩ። ዘገየች መባል ይሻላል። ሱሌይማን ሲያስለው ደግሞ እየፈራሁ አመጣሁት፣ አልሞተም። ያን ቀን እንዴት እንደተደሰትኩ! አየሽ፣ ቢላዋው አይደለም አልኩ። ቢላዋው ቢሆን ኖሮ ይሄም ይሞት ነበር አልኩ። በዚህ ሠላሳ ስድስት ዓመት ኖርኩ። የሙርሺድን መታመም ስሰማ፣ ቢላዋው ላለመሆኑ ሁለተኛ ምስክር ይሆነኛል ብዬ ነው የመጣሁት። ያ ረቢ ይቅር በለኝ። ልጁን ላድን ብቻ አይደለም። ተራዬ ሲደርስ ግን እግሬ እምቢ አለ።»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሴቶች የየራሳቸውን ልጅ እሹሩሩ ይላሉ። ወፍጮው ከጎን ያጉረመርማል። አደ አይሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው ሩፈይዳን አዩዋት።

«አንቺ መድኃኒት ታውቂያለሽ። ለሰው ሁሉ እውነቱን ትናገሪያለሽ። ፋሂምን የገደለው ትኩሳቱ ነው ቢላዋው?»

ሩፈይዳ መልሱን ታውቀዋለች። ሐሙስ ተቆርጦ ደሙን እየዋጠ ተኝቶ ቅዳሜ የተቀበረ ልጅ ምን እንደገደለው ለማወቅ ፋርማሲ መማር አያስፈልግም። ግን እነዚያ ዓይኖች ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ይዘው የዞሩ ናቸው። ሴትየዋን ሦስት ቀን ስትፈራቸው ነበር፤ አሁን አንጀቷን በሉት። ሁሉም ደክሟታል፤ እውነት መናገርም ደክሟታል።

«ትኩሳቱ ነው፣ እማዬ» አለች። «ያኔ ሽሮፕ የለ፣ ምርመራ የለ። ትኩሳቱ ነው።»

አደ አይሻ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ፊታቸው ላይ የነበረው መጨማደድ ሁሉ ፈታ አለ፣ ዕድሜያቸው የቀነሰ መሰለ። «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ሩፈይዳም ደግ የሠራች መሰላት።

ከዚያ ተነስተው ቆሙ፣ ሻሻቸውን አስተካከሉ፣ ሁለት እጃቸውን ለልጁ ዘረጉ።

«በይ ስጪኝ።»

«ምን?»

«ትኩሳቱ ከሆነማ ይሄም አለበት እኮ። ቢላዋው ካልሆነ ከጠዋት ጀምሮ ምን ፈርቼ ነው ሰው የማሳልፈው? ስጪኝ፣ ቢስሚላህ፣ ቶሎ ጨርሰን እንግባ።»

ክፋት አልነበረባቸውም። ዓይናቸው ጠርቶ፣ እርጋታ ሞልቷቸው፣ አያት የልጅ ልጇን እንደምትቀበል ነው እጃቸውን የዘረጉት። ሩፈይዳ ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ሰው ሳይሰበር ይህን ነገር መናገር የሚቻልበት መንገድ ፈለገች፤ አጣች።

«ይቀመጡ፣ እማዬ።»

«ተራው እኮ…»

«ቢላዋው ነው።»

አደ አይሻ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

«ፋሂምን የገደለው ቢላዋው ነው» አለች ሩፈይዳ፤ ልጇ እንዳይሰማው ይመስል ጆሮውን በእጇ ሸፍናለች። «ትኩሳቱ ይለቀው ነበር። ሱሌይማን ስለተቆረጠ አልዳነም፤ ቢቆረጥም ተረፈ። ቅድም ዋሽቼዎት ነው። አዝኜልዎት ነው የዋሸሁት።»

አደ አይሻ ቆመው ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። የተዘረጉት እጆች ወደ ጭናቸው ተመለሱ።

«ኤዬ» አሉ በኦሮምኛ፣ አዎ እንደማለት። ጥቂት ቆይተው ደግመው «ኤዬ» አሉ። «አውቀው ነበር።»

ያለቀሰችው ሩፈይዳ ናት። ጋውኗ ላይ የልጇ ንፍጥና የራሷ እንባ አንድ ላይ ሆኑ፤ መጥረጊያም አልፈለገችም። የሆነ ሰው ማልቀስ ነበረበት፤ አደ አይሻ ደግሞ ያን ጊዜ አልቅሰው የጨረሱ ይመስላሉ። ሙርሺድ ብርድ ልብሱን በእግሩ እየገፋ «ውሃ» አለ።

«ተረኛ!» አለ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ወፍራም ድምፅ።

ያቺ ወጣት ሕፃኗን አቅፋ ተነሳች። አንድ እርምጃ ሳትሄድ አደ አይሻ የሻርፗን ጫፍ ያዙ። በኦሮምኛ ተናገሯት፤ ድምፃቸው ትልቅ አልነበረም፣ ግን አግዳሚው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

«አትግቢ፣ ልጄ። እኔ የበኩሬን ከዚህ ቤት አውጥቼ ነው የቀበርኩት።»

ልጅ ያቀፉት ሴቶች እሹሩሩውን አቆሙ። ወጣቷ በአግዳሚውና በመጋረጃው መሀል ቆማ ቀረች። አንዴ አደ አይሻን፣ አንዴ መጋረጃውን አየች።

«ታዲያ ምን ላድርገው?» አለች። «አልተኛሁም እኮ። ምንም አልተኛሁም። ምን ላድርገው?»

አደ አይሻ ወደ ሩፈይዳ ጠቆሙ። «እሷ ትነግርሻለች። እኔንም የነገረችኝ እሷ ናት።»

ሩፈይዳ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። የምትናገረውን ነገር ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንት ጊዜ እንደተናገረችው አታውቅም። ሙርሺድን ወደ ሌላኛው ጭኗ አዛወረች፣ ወደ አማቷ ጠጋ አለች፣ ለልጅቷ የሚበቃ ቦታ ለቀቀችላት።

«ነይ ቁጭ በይ» አለቻት።